የተሳቢው ባለቤት

አልጋ ላይ ተኝታችሁ ወለል ላይ ነቅታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ቀን ማለቴ አይደለም፤ አንድ ቀንማ ማንም ይወድቃል። እኔ የምጠይቀው ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ በዚያው በአንዱ ጎን ወድቃችሁ ታውቃላችሁ ወይ ነው።

እኔ አውቃለሁ። መምህር ሆኜ የተመደብኩት ከደብረ ኤልያስ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ነው። በአቅራቢያው የሚከራይ ቤት ስላልተገኘ ርዕሰ መምህራችን ግቢው ጥግ የቆመውን ተሳቢ ሰጡኝ። ከመኪና ኋላ ታስሮ የሚጎተት የቆርቆሮ ቤት ነው። መንገድ የሠሩ ሰዎች ሲያድሩበት ኖረው ሥራው ሲያልቅ ትተውት ሄደዋል። በር አለው፣ መስኮት አለው፣ ከግድግዳው ጋር በብሎን የታሰረ የጣውላ አልጋም አለው። ጎማ ብቻ የለውም፤ የቆመው በድንጋይ ላይ ነው።

የማስተምረው አማርኛ ስለሆነ ቤቱን እንዳየሁ ሳቅኩ። በሰዋስው ድርጊቱን የሚፈጽመው ባለቤት ይባላል፤ ድርጊቱ የሚያርፍበት ደግሞ ተሳቢ። «ድመቷ አይጧን ያዘቻት» ስንል ድመቷ ባለቤት፣ አይጧ ተሳቢ ናት። እንግዲህ እኔ የተሳቢ ባለቤት መሆኔ ነው አልኩ። የሳቅኩት ግን ገና ሳልተኛበት ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ፣ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ቆሜ እንቅልፍ ወሰደኝ። የነቃሁት በተማሪዎቹ ሳቅ ነው። ዞር ስል ሳቁ ባሰበት፤ ለካ ሰሌዳው ላይ ተደግፌ ኖሮ «ባለቤት» ከሚለው ቃል ግማሹ ግንባሬ ላይ ታትሟል።

ወሬው ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሳይውል ሳያድር ደረሰ። ዓርብ ከአጎራባች ትምህርት ቤቶች የሚመጡ መምህራን ክፍሌ ገብተው ትምህርት ስሰጥ ሊያዩኝ ቀጠሮ ነበር። ዕድሉን ለምኜ ያገኘሁት እኔው ነኝ፤ የትምህርቱን ዕቅድም በሦስት ቀለም ጽፌ ጨርሻለሁ።

«ዓርብም እንዲህ ከሆንክ ለሌላ መምህር እሰጠዋለሁ» አሉኝ ርዕሰ መምህሩ።

«አልሆንም» አልኩ።

«ፊትህን ታጠብ።»

ስለዚህ እስከ ዓርብ እንቅልፍ መተኛት ነበረብኝ። ደብተር አውጥቼ በግራ በኩል «ምክንያት»፣ በቀኝ በኩል «መፍትሔ» ብዬ ጻፍኩ። ምክንያቱ ግልጽ መሰለኝ፦ ጣውላው ይቆረቁራል፤ ሰው ሲቆረቁረው ይገላበጣል፤ የተገላበጠ ሰው ይወድቃል። መፍትሔው ማለስለስ ነው። ማክሰኞ በስፖንጅ ፍራሼ ላይ ሌላ ስፖንጅ ደረብኩ። ወደቅሁ፤ ያውም ከበፊቱ ከፍ ካለ ቦታ።

ረቡዕ ሁለት ማዳበሪያ የጤፍ ጭድ ለምኜ ተሸክሜ ስገባ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ በሩ ላይ ተቀምጠዋል። በወጣትነታቸው ዲማ ገዳም ቅኔ የቆጠሩ፣ ኋላም ቤት ሲሠሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱም ሙያ ምላሳቸው ላይ ቀርቷል።

«መምህር፣ በሬ ገዛህ እንዴ?»

«አይ ጋሼ፣ አልጋዬ ቆረቆረኝ።»

«ይሁን። ብቻ ርቦህ እንዳትበላው።»

ጭዱን ከነማዳበሪያው ጣውላው ላይ አስተኝቼ ሁለቱን ስፖንጅ ከላይ አነጠፍኩ። ማዳበሪያ ግን የሚያንሸራትት ነገር ነው። በዚያ ቀን ብቻዬን አልወደቅሁም፤ ፍራሾቹም አብረውኝ ወረዱ። እውነቱን ለመናገር፣ ከሦስቱ ሳምንታት ሁሉ የተሻለ የተኛሁት ከወረድን በኋላ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ክፍል ገብቼ ባለቤትና ተሳቢ ያለው ዓረፍተ ነገር እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። ኋላ ወንበር የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣች።

«ተሳቢው መምህሩን ጣላቸው።»

ግንባሬ ላይ ያለው እብጠት ከሩቅ ይታያል።

«ባለቤቱ የትኛው ነው?» አልኩ።

«ተሳቢው።»

«ተሳቢውስ?»

«እርስዎ ነዎት፣ መምህር።»

መልሱ ትክክል ነው። ትክክል ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

በምሳ ሰዓት ጋሼን ተሳቢዬ ውስጥ ሻይ ጋበዝኳቸው። ብርጭቆውን ተቀብለው አዩት።

«ለምንድነው ጎደሎ የምትቀዳው?»

«ሲሞላ ይፈስሳል።»

«ሌላ ቤትም ስትቀዳ ይፈስሳል?»

«የለም፤ እዚህ ብቻ ነው።»

እሳቸው ከጠረጴዛው አንድ እግር ሥር እኔው ያስገባሁትን መጽሐፍ ረጋ ብለው ተመለከቱ። ከዚያ ግማሽ ውኃ ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ አንስተው፣ ፍራሹን ገልጠው፣ ጣውላው ላይ በአግድም አጋደሙት። ውኃው በሙሉ ወደ ውጨኛው ጠርዝ ሸሸ። ለቀቅ ሲያደርጉት ጠርሙሱም ተንሸራትቶ እኔ በምወድቅበት ቦታ ወደቀ።

«አየህ፣ መምህር፤ አንተ ጀርባህን ልታስተኛ ትደክማለህ። መጀመሪያ ቤቱን አስተኛው።»

እንዴት አላየኸውም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን ሜዳውም ወደዚያው ያዘነበለ ነው፤ ተሳቢውና ሜዳው ተስማምተው ስለቆሙ ከውጭ ሲያዩት ቀጥ ያለ ይመስላል። እኔም ለሦስት ሳምንት ለምን ብዬ ሳልጠይቅ ሁሉንም ተቀበልኩ፦ ሻዩን አጎደልኩ፣ ጠረጴዛውን ደገፍኩ፣ ጠመኔዬን እንዳይንከባለል ጫማ ውስጥ አኖርኩ። ደብተሬ ላይ ግን «ምክንያት» በሚለው ሥር የጻፍኩት «ጣውላ» ብቻ ነበር።

ከትምህርት በኋላ የስፖርት መምህሩና ሌሎች ሦስት ባልደረቦቼ ረጅም የባሕር ዛፍ ግንድ በዝቅተኛው ጎን ሥር አስገብተው ወደ ላይ አነሱት፤ እኔ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ገፋሁ። ጋሼ አልጋው ላይ ተቀምጠው፣ ጠርሙሳቸውን ፊታቸው አጋድመው፣ በመስኮት ያዝዛሉ።

«ትንሽ። ትንሽ። ኧረ አበዛችሁት፤ እኔን ግድግዳ ላይ ልትለጥፉኝ ነው? መልሱ። እዚያው ያዙት።»

ጭዱንም ከማዳበሪያው አውጥተን የአቡጀዴ ከረጢት ውስጥ ከተትነው፤ አቡጀዴ ጣውላውን ቆንጥጦ ይይዛል። ከላዩ አንድ ስፖንጅ በቃው። ሁለተኛውን ለጋሼ ሰጠኋቸው።

«እኔ ተረኛ ነኝ፤ ተኛ ልትለኝ ነው?» አሉ። ግን ወሰዱት።

ዓርብ ጠዋት የቀሰቀሰኝ ቆርቆሮውን የሚደበድብ የጋሼ ዱላ ነው።

«መምህር፣ ደወሉ ከተደወለ ቆየ። እንግዶችህ ክፍልህ ገብተው ተቀምጠዋል።»

እንዲህ ተኝቼ አላውቅም። ያንን ሁሉ የደከምኩለትን ትምህርት፣ ባለመተኛት ሳይሆን በመተኛት ላጣው ነበር። ሸሚዜን አንድ ቁልፍ አዛንፌ ቆልፌ ሮጥኩ። በሦስት ቀለም የተጻፈው ዕቅድ ትራሴ ሥር ቀረ። ርዕሰ መምህሩ ሰዓታቸውን እያዩ በር ላይ ቆመዋል። ለሰላምታ ጊዜ ስላልነበረ ሰሌዳው ላይ «ባለቤት» እና «ተሳቢ» ብዬ ጽፌ፣ ዓረፍተ ነገር የሚሰጠኝ ማነው አልኩ። ያቺው ልጅ እጇን አወጣች። ሌላ እጅ ፈለግሁ፤ አልነበረም።

«መምህሩ ተሳቢውን አቃኑት።»

«ባለቤቱ?»

«እርስዎ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እንግዶቹ ምን እንደሚያስቅ ስላልገባቸው ደብተራቸው ላይ «ተማሪዎቹ በትምህርቱ ይደሰታሉ» ብለው ጻፉ። ርዕሰ መምህሩ ግን ገብቷቸዋል፤ ጫማቸውን የሚያስሩ መስለው ጎንበስ አሉ።

እናንተም የምትተኙት በተሳቢ ይሁን፣ በመኪና የኋላ ወንበር ይሁን፣ በቤታችሁ ይሁን፣ እንቅልፍ እምቢ ካላችሁ አዲስ ፍራሽ ከመፈለጋችሁ በፊት ግማሽ ውኃ ያለበት ጠርሙስ አልጋችሁ ላይ አጋድሙ፤ አንድ ጊዜ በቁመቱ፣ አንድ ጊዜ በአግድሙ። ውኃው ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ዛሬውኑ ሞክሩት። ክዳኑን ግን አጥብቁ፤ እኔ ሁለተኛውን ጊዜ ሳላጠብቅ ሞክሬ ውኃው ጭዱን አራሰው፤ እንዲደርቅ አውጥቼ ባሰጣው፣ የጎረቤት ላም ከፀሐዩ ቀድማ ደርሳ በላችው።