የሽፈራው ዱቄትና የፉርሽካው ጆንያ

ሥራ የጀመርኩት ከአየር ጤና ወደ ኮልፌ በሚወስደው መንገድ፣ ከሁለት ጋራዦች ጀርባ ባለ የኪራይ ግቢ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ቀን ነጭ ጋዋኔን ለብሼ ስገባ ባለቤቱ አቶ ዘሪሁን ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና፣ "ሂሩት፣ እዚህ ላብራቶሪ የለም፤ ላብራቶሪው አንቺ ነሽ" አለኝ። ሳቅሁ። ቀልድ እንዳልነበረ የገባኝ ቢሮዬን ሳየው ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ የእርጥበት መለኪያ፣ አንድ የማይዘጋ መሳቢያ። በቃ።

የምናመርተው ከሽፈራው ቅጠል የሚዘጋጅ የምግብ ማሟያ ዱቄት ነበር። ቅጠሉ ከደቡብ ደርቆ ይመጣል፤ እኛ ለቅመን፣ ፈጭተን፣ ነፍተን በጣሳ እናሽገዋለን። በዚያው ወፍጮ አብሽም እንፈጭ ነበር። እኔ የጥራት ቁጥጥር ኃላፊ ነኝ፦ መመሪያ እጽፋለሁ፣ ናሙና አስቀምጣለሁ፣ ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጋር እጻጻፋለሁ፣ በአንድ ዙር የሚመረተው እያንዳንዱ ባች ከመውጣቱ በፊት እፈርማለሁ። እውነቱን ለመናገር ፊርማዬን እወደው ነበር።

ምርቱን ማስመዝገብ ወራት ፈጀ። አቶ ዘሪሁን ጣሳው ላይ "ስኳርና ደም ግፊት ያድናል" እንዲባል ፈልጎ ነበር።

"መድኃኒት አይደለም፤ ያድናል ማለት አንችልም" አልኩት።

"ሰዉ እኮ የሚገዛው ለዚያ ነው!"

"ሰዉ ይበል፤ ጣሳው አይልም።"

አንድ ሳምንት ተኮራረፍን። በመጨረሻ ማስታረቂያ የሚሆን ሐረግ ያመጣሁት እኔው ነኝ፦ "ስንዴ የለበትም።" በአሠራራችን ውስጥ ስንዴ የሚባል ነገር ስላልነበረ እውነት መሰለኝ። ማስረጃ ስንጠየቅ ናሙና ወደ ውጭ ላብራቶሪ ላክን፤ ንጹሕ ነው ተባለ። ናሙናው የተፈጨው ወፍጮው ገና በተተከለ በመጀመሪያው ቀን እንደነበር ልብ አላልኩም።

ወፍጮውን የሚያሠሩት ጋሽ ወልዴ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ኮልፌ ገበያ አጠገብ ባለ ወፍጮ ቤት የጨረሱ፣ ከሞተሩ ድምፅ ብቻ ወንፊት መቀደዱን የሚያውቁ ሰው። እንደ እሳቸው ጠንቃቃ ሠራተኛ አላየሁም። በየቀኑ "ወፍጮው ጸድቷል" ከሚለው የጽዳት መዝገብ መስመር አጠገብ ቀስ ብለው፣ ፊደሉን እየሳሉ ይፈርማሉ።

አንድ ረፋድ ላይ ሰናይት የምትባል እናት ከቤቴል ጣሳችንን ይዛ መጣች። የስድስት ዓመት ልጇ ማክዳ ስንዴና ገብስ አንጀቷን የሚያቆስልባት ሕመም አለባት። በጤፍ፣ በበቆሎና በሩዝ ብቻ ሁለት ዓመት ደህና ሆና ከርማ ነበር።

"እህቴ፣ ልጄ እያለቀችብኝ ነው" አለች። "ሆዷ ተነፍቷል፣ የበላችው አይረጋም። ሐኪሙ ምን አዲስ ነገር ሰጠሻት አለኝ። ከዚህ ሌላ የሰጠኋት የለም።"

እኔ ምን አደረግሁ? ፋይል አወጣሁ። የላብራቶሪውን ውጤት ዘርግቼ፣ "እኛ ጋ ስንዴ አይገባም። ምናልባት ትምህርት ቤት ብስኩት አካፍለዋት ይሆናል" አልኳት።

ወረቀቱን ትታ እኔን አየችኝ። "ልጄ ብስኩት እንደማትነካ ከአንቺ በላይ ታውቃለች" አለችና ስልኳን ክዳኑ ላይ ጽፋ፣ ጣሳውን ትታልኝ ሄደች። አሁንም ሳስበው በኀፍረት ፊቴ ይግላል።

ጣሳው ፊቴ ተቀምጦ ሥራ አልሠራ አለኝ። ወደ ወፍጮ ክፍሉ ወረድሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ወፍጮው ሲጸዳ ቆሜ አይቼ አላውቅም፤ የምገባው ከጸዳ በኋላ ነበር። ጋሽ ወልዴ አብሹን ፈጭተው ጨርሰው፣ ወፍጮውን በብሩሽ ጠርገው፣ ከበሩ ጀርባ አንድ ጆንያ ጎተቱ። ከውስጡ ዘግነው ወፍጮው ውስጥ ጨመሩ።

"ጋሽ ወልዴ፣ ምንድን ነው እሱ?"

"ፉርሽካ ነዋ። የአብሽ ሽታ መች በዋዛ ይለቃል? በፉርሽካ ካላጠራሁት ሽፈራውን ያበላሽብሻል። ወፍጮ ቤት ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው።"

"የምን ፉርሽካ?"

"የስንዴ" አሉ፣ በጥያቄዬ እየተገረሙ። "ከቤቴ ነው የማመጣው፤ ድርጅቱን አላስወጣሁም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አብሽ ከጀመርን ጀምሮ። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የሚወጣውን የሽፈራው ዱቄት እደፋዋለሁ፤ አታስቢ።"

የመጀመሪያው ዱቄት ቢደፋም ወፍጮው ውስጥ የቀረው ፉርሽካ ከሽፈራው ጋር እየተፈጨ ጣሳ ውስጥ ሲገባ ከርሟል። በእኔ ፊርማ።

ሦስት ባች ሱቅና ፋርማሲ ገብቶ ነበር። አቶ ዘሪሁን ነገሩን ሲሰማ በሩን ዘጋ።

"ከዛሬ ጀምሮ እናስተካክል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።"

"ይሄ በጣሳ የታሸገ ነው፤ ይታፈሳል።"

"ብናሳውቅ ፈቃዳችን ይታገዳል! አሥራ አራት ሰው ነው እንጀራው የሚቋረጠው።"

"ዛሬ ምሳዋ ላይ የሚነሰነስላት ሌላ ማክዳ ብትኖርስ?"

ከዚያ መላ አገኘ። "እሺ፣ ይሰብሰብ። ግን ለተቆጣጣሪው የምንጽፈው ደብዳቤ ሽማግሌው መመሪያ ጥሰው ነው ይበል። ጥፋቱ የአንድ ሰው ከሆነ ፈቃዱ ይተርፋል።"

ፈረምኩ። ጣሳዎቹ ቶሎ እንዲመለሱ ብዬ ነው አልኩ ለራሴ። ፈርቼም ነበር።

መጀመሪያ የደወልኩት ለሰናይት ነው። "እውነትሽን ነው፤ እንዳትሰጫት" ስላት ስልኩን ዘጋችው። ከአየር ጤና እስከ ቤቴል ሱቅ ለሱቅ እየዞርን ጣሳ ሰበሰብን። ለተሸጠው በየሱቁ በር ማስታወቂያ ለጠፍን። ጋሽ ወልዴ በዚያው ሳምንት ከሥራ ተሰናበቱ። "ምን አጠፋሁ፣ ልጄ?" አሉኝ። "እነግርዎታለሁ" አልኳቸው። አልነገርኳቸውም።

ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የመጣችው ባለሙያ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ነበረች። "የተጣሰውን መመሪያ ያሳዩኝ" አለች። አቀበልኳት። በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበች፦ "ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው ሲታለፍ ወፍጮው በደንብ ይጽዳ።"

ገጹን ገለበጠች። ሌላ የተጻፈ የለም።

"በምን?" አለች።

አቶ ዘሪሁን ወደ እኔ ዞረ።

"አልጻፍኩትም" አልኩ።

"ታዲያ ሰውየው የጣሱት ምኑን ነው?"

"ምንም አልጣሱም። ደብዳቤው ውሸት ነው፤ የፈረምኩትም እኔ ነኝ።"

ፈቃዱ ታገደ፤ ፈርተን የነበረው ሁሉ ደረሰ። ወፍጮው ለሽፈራው ብቻ ሆኖ ሥራ እስክንጀምር ብዙ ወር ተቀመጥን። ማክዳም ለማገገም ወራት ፈጀባት።

ጋሽ ወልዴን የድሮው ወፍጮ ቤታቸው አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ይመለሱልን አልኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

"ልጅቷ እንዴት ናት?" አሉ።

"እየተሻላት ነው።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ፉርሽካው የእኔ ነው፤ አልክድም። ብትጠይቂኝ ኖሮ ግን እነግርሽ ነበር" አሉና የወረፋተኛውን እህል አንሥተው ወደ ወፍጮው ገለበጡ። አልተመለሱም።

በዚህ ሙያ ለምትመጡት የምለው ይህን ነው። መመሪያ ከመጻፋችሁ በፊት ሠራተኛው ሲሠራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆማችሁ እዩ። በምን እንደሚሠራ ጠይቁት፤ በምን መሥራት እንዳለበትም ጻፉ። ያልጻፋችሁትን መመሪያ ማንም አልጣሰም።