የእንግዳው የቤተሰብ ስም

ባለፈው እሑድ የዶርም ጓደኞቼ ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ድራማ ሲያዩ፣ መጨረሻ ላይ ከሚያልፉት ስሞች አንዱ ዓይኔን ያዘው፤ ደሚርጂኦሉ። ትርጉሙን የሰማሁት አሥረኛ ክፍል ጨርሼ፣ አባቴን ተከትዬ የሰሜን ተራሮች ላይ ካለው የቱሪስት ማረፊያ፣ ጨነቅ፣ የወጣሁ ጊዜ ነው።

አባቴ ዳባት ማረሻና ማጭድ የሚሠራ ብረት ቀጥቃጭ ነው። በዚያ ዓመት ሥራው ስለቀዘቀዘ በበቅሏችን ከደባርቅ የቱሪስት ዕቃ መጫን ጀመረ። ለሌሎቹ ጫኞች ግን ገበሬ ነኝ ብሏቸው ነበር። በእኛ አገር ቀጥቃጭን ቡዳ ነው ብለው አብረውት መብላት የሚፈሩ አሁንም አሉ። ከታወቀ ሥራው ይቀርበታል። እኔ የወጣሁት ምግብ ለማብሰል ነበር።

መንገዱ ከክረምቱ ገና አልደረቀም፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ጦስኝ ይሸታል። ጨነቅ ደርሰን የሠራሁትን ድርቆሽ ፍርፍር በትሪ አቀረብኩ። እንግዳው፣ አንድ ቱርካዊ ጎልማሳ፣ አብሮን ተቀምጦ የየስማችንን ትርጉም በአስጎብኚው በኩል ጠየቀን።

«ያንተስ?» አሉት ከጫኞቹ ትልቁ፣ ጋሽ ፈንታሁን።

አስጎብኚው ተረጎመ። «ደሚርጂኦሉ፤ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ማለት ነው። መንግሥታቸው ሁሉም የቤተሰብ ስም ይያዝ ሲል ቅድመ አያቱ ከሙያቸው ያወጡት ነው። የባለወፍጮ ልጅ፣ የልብስ ሰፊ ልጅ የሚባሉም አሉ።»

«ከቡዳ ጋር በላን በሉኛ» አሉ ጋሽ ፈንታሁን።

«የፈረንጅ ቡዳ አይበላም፣ ይጉረሱ» አለ አንዱ። ሳቁ።

እንግዳው ምን እንዳሳቃቸው ጠየቀ። አስጎብኚው አቀረቀረ። አባቴ የጠቀለለውን ጉርሻ አስቀመጠ።

«ንገረው» አለ። «እኔም ቀጥቃጭ ነኝ። ይቺም የሠራችልን የቀጥቃጭ ልጅ ናት በለው።»

ጋሽ ፈንታሁን እጃቸውን ቀስ ብለው ከትሪው አነሱ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። እንግዳው ነገሩ ሲገባው አባቴ አጠገብ ተጠግቶ መብላቱን ቀጠለ። እሱ ግን ሂያጅ ነው። አባቴ ከዚያ ወዲያ ጭነት የሚሰጠው አላገኘም።

ስንመለስ «ምነው አባዬ፣ ዝም ብትል ኖሮ?» አልኩት።

የበቅሏችንን ልጓም እየሳበ መለሰልኝ። «ሲስቁ እኔም አብሬ ልስቅ አፌን ከፍቼ ነበር።»

በእኛ አገር ከስማችን ቀጥሎ የአባት ስም እንጂ የአባት ሙያ አይጠራም። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ስሜን የሰማ ሰው አባቴ ምን እንደሚሠራ አያውቅም፤ ይህን እንደ ዕድል እቆጥረው ነበር። ከጓደኞቼ ጋር የምንበላው በአንድ ሳህን ነው። የዚያን እሑድ ራት ሲቀርብ፣ ገና እጃችንን ሳንታጠብ፣ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ መሆኔን ነገርኳቸው።