እናቴ ድንጋይ የተሸከመች ቀን

ልጅ እያለሁ መቱ ላይ የተጣላ ሁሉ እኛ ደጅ ይመጣ ነበር። አካኮ፣ የእናቴ አባት፣ የሰፈሩ አስታራቂ ነበሩ። በዳይ በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ ከመጣ፣ ተበዳዩ የቱንም ያህል ቢቆጣ፣ "ድንጋይ የተሸከመን መመለስ ነውር ነው" ይሉና ያስታርቁ ነበር። ለሌላው ሰው መላ አያጡም፤ ለራሳቸው ግን አጡ።

አያቴ ከሞተች ወዲህ አረቄ ጀመሩ። መጀመሪያ ማታ ማታ፣ ኋላ ቁርስ ሳይቀምሱ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ስሜን ይረሳሉ፣ ዝናብ ያረጠበው ዳገት ላይ ይወድቃሉ። ጎረቤት "እርጅና ነው" ይላል። እኛም እንደዚያው እንል ነበር፤ ሽማግሌን ሰካራም የሚል አፍ ከየት ይመጣል! ስስማቸው ግን የአረቄው ሽታ ዓይኔን ያቃጥለኝ ነበር።

አንድ ክረምት አጎቴ የመጣው ይምጣ ብሎ ያለውን አረቄ ሁሉ ደፋው። በሁለተኛው ቀን አካኮን ላብ አጠመቃቸው፣ ከግድግዳው ጋር ማውራት ጀመሩ። ጠጋ ብዬ ስሰማ የሚያወሩት ከአያቴ ጋር ነው። በፍርሃት አልጋ ስር ገብቼ አለቀስኩ። የተጠራችው ነርስ አጎቴን ተቆጣችው፤ "በዚህ ዕድሜ እንዲህ በድንገት ማስቆም ይገድላል። ሆስፒታል ተኝተው፣ በመድኃኒት ነው የሚተዉት" አለች። አካኮ ግን መለስ ሲልላቸው "እኔን ያመመኝ ነገር የለም" ብለው እምቢ አሉ።

እናቴ ወጣች። ስትመለስ ከአጥር ስር ያነሳችውን ድንጋይ በማጅራቷ ተሸክማ ነበር። አልጋቸው ፊት ተንበረከከች። አካኮ ደነገጡ፤ እንደ ልማዳቸውም፣

"ጥፋትሽ ምንድን ነው?" አሉ።

"እያየሁዎት ዝም ማለቴ፣ አባባ።"

 አካኮ የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን ዘረጉላት። "ከኢ፣ ኢንተላ ኮ! ተነሺ ልጄ። እሄዳለሁ።"

ሆስፒታል ሰንብተው ተሻላቸው። ስሜን ጠሩ፣ እጃቸው ረጋ። እኛም ተመስገን ብለን ወደየጉዳያችን ተበተንን። አካኮ ግን በረንዳው ላይ ተቀምጠው በጠራራ ፀሐይ ያለቅሱ ነበር። ለካ አረቄው ያፈነው ለአያቴ ያላለቀሱትን ለቅሶ ነው። ከመጠጡ አወጣናቸው እንጂ ከሐዘናቸው አላወጣናቸውም። እኔ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር፤ ምን እንደሚባል ግን አላውቅም ነበር።

ዛሬ አካኮም እናቴም በሕይወት የሉም። አባቴ መቱ ብቻውን ነው፤ እኔ ከጅማ በየቀኑ እደውልለታለሁ። እንደ ድሮው አፍሬ ዝም አልልም። በላህ ወይ፣ መድኃኒትህን ወሰድክ ወይ፣ እንዳትጠጣ እለዋለሁ። እሱም "እሺ ልጄ" ይለኛል። እማዬ ናፈቀችህ ወይ ብዬ ግን አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።