ያረጁ አይጦች ጉልበት

በደርግ ዘመን ጅማ ውስጥ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ነበርኩ። አለቃዬ ዶክተሩ የሚያጠናው ሰው ሲያረጅ ጡንቻው ለምን እንደሚሟሽሽ ነበር። ሰው እስኪያረጅ መጠበቅ የማይሞከር ነው፤ አይጥ ግን በሁለት ዓመቷ ባልቴት ናት። ስለዚህ ነጫጭ አይጦች አሳደግን። ሄርማታ ገበያ ያለ አንድ በያጅ ረጃጅም የሽቦ ሳጥኖች ሠራልን። ከተማው ግን አልማረንም፤ ሕዝብ ለስኳር ተሰልፎ እነዚህ አይጥ ይቀልባሉ እየተባለ ቀበሌ ለቀበሌ ተሳቀብን።

አይጦቹን የሚጠብቁት ስልሳ ያለፋቸው፣ ከከተማው በላይ ካለው ከጅሬን የሚመጡ ሰው ነበሩ። ድሮ በበቅሎ ቡና ያመላልሱ ነበር። እንደሳቸው ያለ ሠራተኛ ከዚያ ወዲህም አላየሁም። ለአይጥ እንኳ ቢስሚላህ ሳይሉ እህል አያቀርቡም፤ አንዷ ከወትሮው ትንሽ እህል ካስቀረች ቀኑን ሙሉ ሲያስቡ ይውላሉ። ያን ያህል አይጥ ለእርጅና የበቃው በሳቸው እጅ ነው።

ሁለት ዓመቱ ሲሞላ እያንዳንዷን አይጥ ሽቦ ላይ እያንጠለጠልን ምን ያህል ጊዜ እንደምትቆይ ለካን። አሮጌዎቹ ቶሎ ይወድቃሉ ብለን ነበር፤ እነሱ ግን ከወጣቶቹ እኩል ተንጠለጠሉ። ጥቂቶቹን ከፍተን ስናይ የጭናቸው ሥጋም ሙሉ ነው። ዶክተሩ ምስጢሩ የምንቀልባቸው ገብስ ሳይሆን አይቀርም አለና ውጤቱን አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ሊያነብ መጻፍ ጀመረ። እኔም አብሬው ልሄድ ሱፌን አስተኩሼ ነበር።

በማግስቱ ሽማግሌው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«ማሎ ዶክተር፣ አይጻፉት» ብለው ለመኑት።

የእህሉ ሳህን ወለል ላይ እንዲቀመጥ ታዘው ነበር። አይጦቹ ዓመት ካለፋቸው ጀምሮ ግን ሳህኑን ከሳጥኑ አናት ላይ እያሰሩ፣ ለእያንዳንዷ ጉርሻ በሽቦው ወደ ላይ ሲያስወጧቸው ኖረዋል። ዶክተሩ ምክንያቱን ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ነገሩት። በነጋዴነታቸው ጊዜ አንዲት ያረጀች በቅሎ አሳዝናቸው፣ ጭነቷን አራግፈው ሣር ላይ ለቀቋት። በዓመቱ ጭኗ አልቆ መነሳት አቃታት። ከዚያ ወዲህ ለአሮጌ በቅሎ ጭነት ይቀንሳሉ እንጂ አያስቀሩም።

«ለነዚህም አዘንኩላቸው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ።

አልዋሽም፣ ደሜ ፈላ። የሁለት ዓመት ልፋታችንን ውሃ በላው። በዚያ ላይ ያን ጊዜ ትእዛዝ መጣስ አሻጥር ተብሎ እስር ቤት የሚያስገባ ነገር ነው፤ እሳቸውም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። እኔ ብሆን ዝም እል ነበር፤ ይህን ሳስብ አሁንም አፍራለሁ።

ዶክተሩ የጻፈውን ቀደደና ሽማግሌውን ወንበር አስቀመጣቸው። እንደገና እንጀምር፣ የግማሾቹ ሳህን አናት ላይ፣ የግማሾቹ ወለል ላይ ይሁን፤ ሌላ ሁለት ዓመት ይፈጃልና አብረውኝ ይሠራሉ ወይ አላቸው። ኢንሻአላህ አሉት። እስር ቤት ሊያስገባቸው የሚችል ሰው እንዲህ ሲለምናቸው አይቼ ንዴቴ በረደ።

አዲሶቹ አይጦች ዓመት ሲሞላቸው ሽማግሌው የወለሉን ሳህኖች ይዘው መጡና እጄ ላይ አኖሩልኝ።

«የእነዚህን አንተ ስጣቸው ልጄ፤ የኔ እጅ እምቢ ይላል።»

በየጠዋቱ ሰጠሁ። የእነዚያ ጭን ከወር ወር እየሳሳ ሲሄድ በእጄ ዳሰስኩት፤ እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ ወደዚያ ጎን ዞረው አላዩም።