ዱከም ላይ ወረድኩ

«እና ፋብሪካውን በዓይንህ አይተኸዋል?» አሉኝ ዛሬ ጠዋት የእናቴ ጎረቤት እትዬ አስቴር።

ናዝሬት እናቴ ቤት ላፕቶፔን ታቅፌ ሥራዬን እያስረዳኋቸው ነበር። ኢንቨስትመንት ባንክ ነው የምሠራው፤ አክሲዮን ሊሸጥ ያሰበ ድርጅት ስንት እንደሚያወጣ እናጠናለን። (መስኮት ላይ ብር የምቆጥር አለመሆኔን ማሳመኑ ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀ።)

«አይ፣ ሰነዱን ነው የማየው» አልኳቸው።

«አባቴ ቡልቡላ ገበያ በሬ ሲገዛ እንኳ ጥርሱን ሳያይ ዋጋ አይቆርጥም ነበር» አሉ።

አሁን የያዝኩት ፋብሪካ ያለው ዱከም ነው። ወር ሙሉ ሳጠናው፣ ወደ እናቴ ስመጣ በየሳምንቱ ሚኒባስ ውስጥ ተኝቼ በበሩ አልፋለሁ።

ከሰዓት ስመለስ «ዱከም ወራጅ አለ!» አልኩ።

ሰነዳችን ላይ ፋብሪካው በሦስት ፈረቃ ይሠራል። በሩ ላይ ያገኘሁት ዘበኛ ግን «ማሽኑ ከቆመ እኮ ቆየ» አለኝ።

እናንተስ፣ ቢሮ ቁጭ ብላችሁ ሪፖርት የጻፋችሁለትን ነገር ሄዳችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ?