የሟቹ ሸማኔ ጋቢ

ሽሮ ሜዳ ከየጓሮው የሽመና ዕቃ ድምፅ ስሰማ ዛሬም እጄ ወደ አንገቴ ይሄዳል። እንዳትስቁብኝ፤ ምክንያት አለው።

በደርግ ጊዜ ልጅ ነበርኩ። ከቤታችን በላይ፣ ወደ እንጦጦ መውጫው ላይ፣ አንድ ሸማኔ ከሚስቱ ጋር ይኖር ነበር። አንድ ቀን ጋቢ እየሠራ ሳለ የደርግ ሰዎች ከተቀመጠበት አንሥተው ወሰዱት፤ ገደሉት። ሬሳው አልተሰጠም፣ ማልቀስም ክልክል ነበር። ሚስቱ በሯን ዘግታ ተቀመጠች።

ብዙም ሳይቆይ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከዚያ ቤት የሽመና ድምፅ ይሰማ ጀመር። በሸማኔዎቹ ልማድ ሴት ትፈትላለች እንጂ አትሸምንም። ስለዚህ ሰፈሩ ወዲያው ፈረደ፤ ሟቹ ተመልሷል። ወሬው መርካቶ ደረሰ፤ በሕይወቱ ሰላም ብሎት የማያውቅ ሁሉ ሊሰማው ይጎርፍ ገባ። ጎረቤቷ ጠላ ሻጭ እንግዶቹን ካጠጣች በኋላ አጥሩ ሥር ታስቀምጣቸዋለች።

«ዝም በሉ፤ አሁን ይጀምራል» ትላለች።

መንግሥት ሲወስደው ማንም ብቅ አላለም፤ ሙት ሆኖ ሲሸምን ለመስማት ግን ሰዓት እላፊ እስኪቃረብ ይጋፉ ነበር። ዛሬም ወጣቶች ስልካቸውን ደግነው ጋኔን አለበት የተባለ ቤት ሲዞሩ ሳይ ያናድደኛል።

አንድ ቅዳሜ አክስቴ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ድምፁ እንደጀመረ አንድ ጎረምሳ በሩን በትከሻው ገፋው። ዕቃው ላይ የተቀመጠችው ሚስቱ ነበረች። የባሏን ጅምር ጋቢ ልትጨርስ ነው። የእሱ ሥራ ጥብቅ ነበር፣ የእሷ የላላና የተንጋደደ፤ ለልጅ ዓይን እንኳ ያስታውቃል።

መንፈስ ሊያይ የመጣው ሰው ቅር አለው። ጠላ ሻጯ ግን ገበያዋ ሊዘጋባት ነው!

«ሴት መቼ ሸምና ታውቃለች? እሱ ገብቶባት ነው እንጂ!» አለች።

በቃ፣ ሰዉ ለመድኃኒት ብሎ ጋቢውን በምላጭ ይቆርጥ ጀመር።

«የኔን ውሰዱ» አለች ሚስቱ። «እባካችሁ፣ የሱን ተዉልኝ።»

የእሷን ማን ይፈልጋል? ተሸምኖ እንጨቱ ላይ የተጠቀለለውን ፈትተው የእሱን ጥብቅ ሥራ ተቀራመቱት። አክስቴም ከክፉ ይጠብቅሽ ብላ ቁራጭ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ። ያልታጠበ ጥጥ ይሸት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ፤ እንግዳውም ቀረ። አንድ ጠዋት ሚስቲቱ መንገድ ላይ አገኘችኝና አንገቴን አየች። ልትነጥቀኝ መስሎኝ ፈራሁ። ጎንበስ ብላ ቁራጩን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፤ ከዚያም የላላውን ቋጠሮ አጠበቀችልኝ።

«እንዳይጠፋብሽ» አለችኝ።