የወንድሜ ቁርስ

ትኩስ ወተት በተቆላ አጃና በዘቢብ ላይ ሲፈስ የሚነሳውን ሽታ እስከ ዛሬ እሸሸዋለሁ። በቅርቡ ለሥራ ሄጄ ባደርኩበት ሆቴል፣ ቁርስ ቤት ውስጥ አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀምጣ ጎድጓዳ ሳህኗ ላይ ወተቱን ስታፈስ ያ ሽታ ድንገት አፍንጫዬን ሞላውና ማንኪያዬን አስቀምጬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ለሌላው ሰው የጤናና የማለዳ ሽታ ነው። እኔን ግን ፍራንክፈርት፣ ፌኸንሃይም በሚባል ሰፈር ወደነበረችው ጠባብ ወጥ ቤታችን ይዞኝ ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ የአራት ዓመቱ ወንድሜ ናትናኤል ጠረጴዛው ላይ አገጩን አስደግፎ፣ እንዳላበላው በዓይኑ እየለመነኝ ይጠብቀኛል።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ተጋምሰው ነበር፣ እኔም ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ከማይን ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ አባዬ እዚያው ሰፈር ባለ መጋዘን ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ ይውል ነበር፣ እማዬ ደግሞ መሃል ከተማ ያለ አንድ የቢዮ ሱቅ፣ ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒት ያልነካው እህል የሚሸጥበትን፣ ከመከፈቱ በፊት ታጸዳ ነበር። ሁለቱም ከቤት የሚወጡት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስለነበረ፣ ናቲን ቀስቅሼ፣ ቁርሱን አብልቼ፣ የጫማውን ማሰሪያ አስሬ ኪንደርጋርተን የማደርሰው እኔ ነበርኩ። እማዬ አገጬን በእጇ ይዛ «ጠዋት ብቻችሁን መሆናችሁን ለማንም እንዳትናገሪ፣ እሺ? ለአስተማሪም ቢሆን» ትለኝ ነበር። እሺ እላት ነበር፣ ምክንያቱን ግን ጠይቄያት አላውቅም።

በዚያ ዓመት ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ናቲም መክሳት ጀመረ። እግሮቹ እየቀጠኑ ሆዱ ግን እንደ ከበሮ እየተወጠረ ሄደ፣ በየቀኑ ያስቀምጠው ነበር፣ ይጫወት የነበረውም ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ሌሎቹን የሚያይ ልጅ ሆነ። የልጆች ሐኪሙ ሆዱን መታ መታ አድርጎ «አንጀቱ ተቆጥቷል፣ ለጊዜው ሩዝ፣ ድንች፣ ካሮትና ሙዝ ብቻ ስጡት፣ ዳቦ ይቅርበት» ብሎ ሌላ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ሰጠን። እማዬ ሩዙንና ድንቹን ሳትሰለች ትቀቅልለት ነበር፣ በልቧ ግን አላመነችበትም። «ልጅ በሩዝ ይቆማል እንዴ?» ትለው ነበር አባዬን። «አንድ ጉልበት የሚሆን ነገር ሆዱ ካልገባ በምን ያገግማል?»

አንድ ቅዳሜ እኔን ይዛ ወደምታጸዳበት ሱቅ ሄደች፣ በዕረፍት ቀኗ፣ እንደ ገዢ፣ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ። የእህሉ መደርደሪያ እስከ ጣሪያው ይደርስ ነበር፣ ከረጢቶቹም ቡናማ ወረቀት ስለነበሩ ውስጣቸው አይታይም። አንድ በአንድ እያወረደች እንዳነብላት ትሰጠኝ ነበር። «ስኳር አለው?» የለውም። «መድኃኒት ተረጭቶበታል?» አልተረጨበትም ይላል። «ስንዴው ከነገለባው ነው?» ከነገለባው ነው። የሱቁ ባለቤት፣ ሽበቷን በእርሳስ ጠቅልላ የምትይዝ ደግ ሴት፣ ይህን ስታይ መጥታ ከሁሉም የተሻለ ያለችውን ሚውስሊ አወረደችልን፤ ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ደግሞም ዲንክል የሚሉት የጥንት ስንዴ፣ ሁሉም ተዳጦ ከዘቢብና ከለውዝ ጋር የተደባለቀ። ለታመሙ ሕፃናት ኃይል ይሰጣል አለች። እኔ ለእማዬ የተረጎምኩላት ግን «ይሄ ያድነዋል ትላለች» ብዬ ነው። ኃይል መስጠትና ማዳን ለእኔ አንድ ነበሩ። እማዬ ከረጢቱን ደረቷ ላይ አቅፋ ዓይኗ እንባ ሞላ።

በማግሥቱ እሑድ እማዬ ሚውስሊውን ድስት ላይ ለብ አድርጋ ቆልታ፣ ወተት አፍልታ ስታፈስበት ቤቱ በሙሉ ማር የተቀባ ዳቦ ከምድጃ የወጣ መሰለ። አንድ ማንኪያ ብቻ እንድቀምስ ሰጠችኝ። አጃው ጥርሴ ላይ ሲሰበር፣ ዘቢቡ ወተቱን ጠጥቶ ሲፈነዳ፣ ከዚያ በፊት እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር በልቼ የማውቅ አልመሰለኝም። ከዚያ ከረጢቱ ታጥፎ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ወጣ። የናቲ መድኃኒት ነው ተባለ፣ ለእኔ ዳቦ በማርማላታ።

ብርዱ እየገባ ሲሄድ ናቲ ባሰበት። ጠዋት ጠዋት ሳህኑን ፊቱ ሳቀርብለት «ማግ ኢሽ ኒሽት» ይለኝ ነበር፤ አልወደውም ማለቱ ነው፣ አማርኛ የሚሰማ ቢሆንም መልሱ ሁልጊዜ ጀርመንኛ ነበር። እኔም «እማዬ ታዝንብሃለች» እያልኩ ማንኪያውን ከንፈሩ ላይ አስጠግቼ እጠብቅ ነበር፣ እሱም በስተመጨረሻ አፉን ይከፍትና ድምፅ ሳያሰማ እያለቀሰ ይውጥ ነበር። ከኪንደርጋርተን ስንመለስ ሦስቱን ፎቅ መውጣት ስለሚያቅተው ሁለተኛው ላይ ደረጃው ላይ ይቀመጣል። እዚያ ፎቅ ላይ አደይ ዘይነብ ይኖሩ ነበር፣ ከልብስ ንጽሕና ቤት ጡረታ የወጡ፣ አስመራ በአማርኛ የተማሩ ኤርትራዊት እናት። በራቸውን ከፍተው ናቲን ለረጅም ጊዜ አይተው «ጓለይ» ይሉኝ ነበር፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ይሄ ልጅ ቀለሙ ጠፍቷል።» ከዚያ በሩን ቀስ አድርገው ይዘጉታል።

ገና ሲቃረብ ከኪንደርጋርተኑ ደብዳቤ መጣ። ያነበብኩት እኔ ነኝ። ልጁ ክብደቱ ከዕድሜው በታች መሆኑን፣ ቀን ቀን እንቅልፍ እንደሚጥለው፣ ወላጆቹን ለማነጋገር እንደሚፈልጉ፣ ለውጥ ከሌለ ግን ለዩገንትአምት ማሳወቅ ግዴታቸው እንደሆነ ይላል። ዩገንትአምት የሚለውን ቃል መተርጎም አላስፈለገኝም። በእኛ ሰዎች መካከል ያ የሕፃናት ደኅንነት መሥሪያ ቤት ልጅ የሚወስድ ተብሎ ነበር የሚፈራው፣ እማዬም ቃሉን ከአፌ ስትሰማ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ከኪንደርጋርተኑ ጋር ያለን ቴርሚን ለጥር መጨረሻ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የናቲ ቁርስ በእጥፍ እንዲሆን አዘዘችኝ። «ሳህኑ ባዶ ካልሆነ ከወንበሩ እንዳታስነሺው» አለችኝ።

ጥር እንደገባ አንድ ጠዋት ናቲ ጭራሽ አፉን አልከፍት አለ። ውጭ ጨለማ ነበር፣ መስኮቱ ላይ ውርጭ ተጋግሯል፣ ሳህኑም ፊቴ እየቀዘቀዘ ያ ሽታው እየወጣ ነበር። በላሁት። እስከ ጫፉ በልቼ ሳህኑን በጣቴ ጠረግሁት። ለናቲ ደግሞ ከማታ የተረፈውን ሩዝ በወተት አሙቄ ሙዝ ከትፌ ሰጠሁት፣ እሱም ያለምንም ልመና ጨረሰው። ማታ እማዬ «ሩዙን ማን በላው?» ስትል «እኔ» አልኩ። «ናቲስ ቁርሱን?» ስትል ደግሞ «ጨረሰ» አልኩ። በማግሥቱም እንዲሁ አደረግሁ፣ በሦስተኛውም ቀን። ለወንድሜ አዝኜ ነው ብል ውሸት ይሆናል። ቀንቼ ነበር፣ ደግሞም ይጣፍጥ ነበር።

በሁለት ሳምንት ውስጥ የናቲ ሆድ ተነፈሰ። በሦስተኛው ሳምንት ፎቁን ሳይቀመጥ ወጣ። በቴርሚኑ ቀን የኪንደርጋርተኑ ኃላፊ መዝነውት ሲመለሱ ፈገግ ብለው «የምታደርጉትን ቀጥሉበት» አሉ፣ እኔም ተረጎምኩ። የምናደርገው ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እማዬ በተከታዩ እሑድ ጉባኤያችን በሚከራየው አዳራሽ መድረኩ ላይ ወጥታ ምስክርነት ሰጠች። ጌታ ጥበብ እንደሰጣት፣ ወደዚያ ሱቅ እንደመራት፣ ልጇ በዚያ ንጹሕ እህል እንደዳነ ስትናገር ሕዝቡ በእልልታ ተቀበላት፣ ከጉባኤው በኋላም ሁለት እናቶች የሚውስሊውን ስም በወረቀት እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። ጻፍኩላቸው። 

የፋሲካ ሰሞን እማዬ የሦስት ሳምንት ዑርላውብ፣ የዓመት ዕረፍቷን፣ ወጣችና ቤት ዋለች። ልጄን በእጄ አበላዋለሁ አለች። ጠዋት አንድ ሳህን፣ ማታ አንድ ሳህን። እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ዳቦዬን ይዤ ተቀምጬ ማንኪያው ሲወጣና ሲወርድ እቆጥር ነበር። እህሉ ያሳምመዋል ብዬ አላሰብኩም፤ እንደዚያ ማሰብ አልችልም ነበር፣ ሁሉም ሰው ጤና ነው ብሎታል፣ እኔም በልቼው ምንም አልሆንኩም። ሆኖም በአራተኛው ቀን ናቲ ሆዱን ይዞ ሲጠቀለል ማንኪያውን መቁጠር ተውኩ። በሁለተኛው ሳምንት ከንፈሩ ነጭ ሆነ። እማዬ ክብደቱ እንዳይቀንስ ብላ ቀን ላይም ሦስተኛ ሳህን ጨመረችበት። አንድ ከሰዓት ከእማዬ ጋር ከወንዙ ዳር ስንመለስ ናቲ ሁለተኛው ፎቅ ሳይደርስ እጄን ለቆ ደረጃው ላይ ተዘረጋ፣ ዓይኑ ክፍት ነበር፣ ግን አያየኝም።

እማዬ ተሸክማው ወጣች። ወደ ሆስፒታል ስልክ ደውላ አሁኑኑ አምጡት ከተባለች በኋላም፣ አባዬ መኪና ለምኖ እስኪመጣ ድረስ «ባዶ ሆዱን አይሄድም» ብላ ወተት ስትጥድ ሰማሁ። ያን ጊዜ ወደ ታች ሮጥኩ።

አደይ ዘይነብ በሩን ሲከፍቱልኝ ትንፋሼ ተቆርጦ «እኔ ነኝ የበላሁት» አልኳቸው። አስቀመጡኝና ሁሉንም አስነገሩኝ። ስጨርስ «ሩዙን ሲበላ ነው የተሻለው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«አሁን እናቱ ስታበላው ነው የባሰበት?»

ነጠላቸውን አነሱ። «ነይ ጓለይ፣ አብረን እንወጣለን። የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ።»

እማዬ ናቲን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ማንኪያውን ወደ አፉ እያስጠጋች ነበር። «ልጅቷ የምትነግርሽ አላት፣ ሳትቆጪ ስሚያት» አሏት አደይ ዘይነብ። ተናገርኩ። ቁርሱን ከጥር ጀምሮ እኔ እንደበላሁት፣ ሩዝ በወተት እንደሰጠሁት፣ በምስክርነቱ ቀን ናቲ ሚውስሊ ከቀመሰ ሳምንታት እንዳለፉት። እማዬ አልጮኸችም፣ አልመታችኝም። ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ መለሰችና እጇን ተመለከተች፣ የሌላ ሰው እጅ የምታይ ይመስል ነበር።

ሆስፒታል እንደደረስን «አሁን ለእኔ የነገርሽኝን አንድም ሳታስቀሪ ለሐኪሟ ንገሪያት» አለችኝ። ጠዋት ብቻችንን እንደምንሆን ሳልናገር ቁርሱን ማስረዳት እንደማልችል እሷም እኔም እናውቅ ነበር። ቀና ብዬ አየኋት፣ በእሺታ ራሷን ነቀነቀችልኝ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፣ ስናገር መጻፏን አቁማ ሰማችኝ፣ ከዚያ ከረጢቱ ውስጥ የነበረውን እህል በስም በስሙ አስጠራችኝ። ደም ቀዱለት፣ በኋላም ከአንጀቱ ቅንጣት ወስደው መረመሩ። ናቲ ጾሊያኪ የሚባል በሽታ ነበረበት፤ ስንዴና ገብስ፣ እነሱን የመሰሉ እህሎች ሁሉ አንጀቱን ያቆስሉት ነበር። ሚውስሊው ከመገዛቱ በፊትም ዳቦው ነበር ያሳመመው። እህሉ ምንም ያህል ንጹሕ ይሁን ለእሱ ልዩነት አልነበረውም።

ለሁለቱ እናቶች እማዬ ራሷ ደወለች። በሚቀጥለው እሑድም ማንም ሳይጠይቃት መድረኩ ላይ ወጥታ «ባለፈው የነገርኳችሁ ትክክል አልነበረም» አለች፣ በዚያን ቀን እልል ያለ ሰው አልነበረም።

የፈራነውም መጣ። ከዩገንትአምት ሁለት ሴቶች ቤታችን መጥተው ስለ ማለዳዎቻችን ጠየቁ፣ አባዬ በዕረፍት ሰዓቱ ከመጋዘኑ እየሮጠ መጥቶ ከነሥራ ልብሱ አጠገባችን ቆመ። ልጅ የወሰደ የለም። እማዬ ግን ጠዋት ቤት እንድትሆን የሱቁን ሥራ ለቀቀች፣ ሪደርቫልድ በሚባል ሰፈር የከሰዓት ጽዳት እስክታገኝም ወራት አለፉ። በዚያ በጋ፣ ፀሐይዋ እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ድረስ በማትጠልቅበት ወቅት፣ ናቲ በወንዙ ዳር እየሮጠ ሲያልፈን ያሳሳትኩትን ትርጉም ለእማዬ ነገርኳት፤ የሱቁ ባለቤት ኃይል ይሰጣል እንጂ ያድነዋል እንዳላለች። እማዬ ዓይኗን ከናቲ ሳታነሳ «አንቺ ባትዪኝም ያንኑ እሰማ ነበር» አለችኝ።

ዛሬ ናቲ የሁለት ልጆች አባት ነው፣ ከእኔም በራስ ቁመት ይበልጣል። በዚያን ጊዜ አንድ ሱቅ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ይገኝ የነበረው፣ እንደ ኖራ አፍ ውስጥ የሚፈረፈረው ለእሱ የሚሆን ዳቦ አሁን በየሱፐርማርኬቱ በየዓይነቱ ተደርድሯል፣ ሰውም ለፋሽን ይበላዋል። እኔም ልጅ አለኝ፣ ባለፈው ወር ዘጠኝ ዓመት ሞላት። ወተት ስትቀዳ በሁለት እጇ ነው ካርቶኑን የምትይዘው፣ እንዲያም ሆኖ ይፈስባታል። የልጅነቴን ዘጠኝ ዓመት ሳስበው ሁልጊዜ ትልቅ ሰው የነበርኩ ይመስለኝ ነበር፤ የማውቅ፣ መናገር ሲገባኝ ዝም ያልኩ። አሁን እሷን ሳያት ዘጠኝ ዓመት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይገባኛል፣ የፈሰሰውንም እኔ እጠርገዋለሁ።